ዶክተሯ፣ ዳሱና አካፋዬ

አፍ የለሽ ናት ይሉኛል። ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰፈራችን በሚመጣው ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ ሰፈራችንን አልፌ ሦስት ጊዜ ጀውሃ ድረስ ሄጃለሁ። በሦስተኛው ረዳቱ ለየኝና «አንቺ፣ ጀውሃ ባል አለሽ እንዴ?» አለኝ። የለኝም ለማለትም አፍ ስላጣሁ፣ ጀውሃ ላይ ባል እንዳለኝ እስከ ዛሬ የሚያምኑ ሰዎች አሉ። ይህን ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም። የማወራላችሁን ነገር ስትሰሙ «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» እንዳትሉኝ ነው። መልሱን አስቀድሜ ሰጠኋችሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አባቴ ሲሞት ለእኔና ለእናቴ ሩብ ሄክታር የማትሞላ የመስኖ ማሳ ትቶልን ሄደ። ሽንኩርት እተክልባታለሁ። ከማሳዬ ቀጥሎ ያለው ማሳ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የጋሼ መንግሥቱ ነው። ጋሼ መንግሥቱ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ድንበራችን ያዘነብላል። «ሴት ልጅ ሽንኩርት ትከትፋለች እንጂ አታበቅልም» ማለት ይወዳል። እናቴም ይህን ነገር ሰምታ ሰምታ ሰለቻትና ዘንድሮ ቃል ገባችለት፦ የዚህ ዙር ሽንኩርት ከከሸፈ ማሳው ለእሱ የእኩል ይሰጣል፤ እሱ ያርሳል፣ እኛ እናያለን። የእኩል ወደ አጎት የገባ መሬት ሲመለስ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ እኔ አላየሁም።

ሽንኩርቱ ደግሞ ሥሩ እያበጠ ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ውሃ ካጣ የሚቀረው ቅጠል ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በተራዬ ቀን ደመና ዋለ። በእኛ ቆላ ደመና ሲፈልጉት አይመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ ከርሞ በእኔ ተራ ከች አለ። እንግዲህ የቀረችኝ የዚህ ሳምንት ሐሙስ ነበረች። እሷ ካመለጠች ማሳዬም አመለጠ።

ደመና ከተራ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ ላስረዳ። ድሮ የምናጠጣው በናፍጣ ሞተር ነበር። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ያስላል፣ ናፍጣ ፍለጋ ጀሪካን ይዘን ከተማ ማደያ እንሰለፋለን፣ ናፍጣው ሲገኝ ሞተሩ ይታመማል። ከዚያ ሶላር መጣ። መስታወት የሚመስሉ አሥራ ሁለት ሰሌዳዎች ከወንዙ ዳር ከወገብ ከፍ ብለው ተደረደሩ። ፀሐይ ሲነካቸው ፓምፑ ከጉድጓዱ ውሃ ይስብና ቦያችን ውስጥ ያፈሳል። ደመና ሲሆን ዝም ይላል። በዚህ በዚህ እኔና እሱ እንመሳሰላለን።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን ጋሼ ይማም ናቸው። ሕጋቸው አንድ መስመር ነው፤ ተጽፎ አያውቅም፣ ተረስቶም አያውቅም። ተራው የደረሰ ሰው በማሳው ቦይ አፍ ላይ አካፋውን ይተክላል። አካፋው ከቆመ ባለቤቱ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ቤቱ ሄዶ ቢተኛም ማንም ውሃውን አይነካበትም። አካፋው ከሌለ ግን ባለቤቱ ራሱ ቦዩ ውስጥ ቢንጋለል ተራው አልፏል፣ ቀጣዩ ይገባል። የሐሙስ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የእኔ ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ የጋሼ መንግሥቱ። ለዚህ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም፣ ማኅተም አልተመታም። ስለዚህ ይሠራል።

ማክሰኞ ዘላለም እቤታችን መጣ። ዘላለም የግብርና ባለሙያችን ነው፣ ዲኤው እንለዋለን። ከሌላ ዞን ተመድቦ ነው የመጣው። በቦዩ ራስ ላይ ሠርቶ ማሳያ የሚባል ማሳ አለው፤ የተተከለበት ታፔላ ከሰብሉ ይረዝማል።

«ሐሙስ ዶክተሯ ትመጣለች» አለ፣ ለእናቴ። «ስለ ንፁህ ኃይል ሽግግርና ስለ ፍትህ ታጠናለች። ከውጭ አገር ሙሉ ወጪዋ ተችሎላት ነው።»

«ከውጭ አገር» ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅዱስ ቦታ እንደሚጠራ ሰው ነው። ኋላ እንደሰማሁት ሴትዮዋ ገና ዶክተር ለመሆን ነው የምታጠናው። እኛ ግን ሹመት ለማደል የሚቀድመን የለም፤ ዕድሜ አይጠይቅ፣ ፈተና አይጠይቅ፣ መነጽር ካደረግሽ ዶክተር ነሽ።

«ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎችን አምጣልኝ ብላኛለች» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ከዚች ልጅ የበለጠ ድምፁ የማይሰማ ከየት አመጣለሁ?»

ሐሙስ ተራዬ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ዘገየ።

«አየሽ እትዬ፣ ደስ ብሏታል» አላት እናቴን።

እናቴም «ሂጂ እንጂ፣ የመንግሥት ሰው ሲጠራ ደግሞ እምቢ ይባላል? አካፋሽን ተክለሽ ሂጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አካፋ ያለው ሰው ምን ይሆናል ብዬ ተፅናናሁ። ሞኝ በአካፋው ይፅናናል።

ሐሙስ ጠዋት አካፋዬን በቦዬ አፍ ላይ ተከልኩ። ስብሰባው ደግሞ እዚያው ከፓምፑ አጠገብ ሆነ፣ ዶክተሯ ሶላሩን እያየች መጠየቅ ፈልጋለች ተባለ። እሷ ደብረ ሲና አድራ ነው የወረደችው። የደብረ ሲናን ብርድ ለብሶ ወደ እኛ ሙቀት የሚወርድ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጃኬቷን ሸዋ ሮቢት፣ ሹራቧን መኪና ውስጥ፣ ሻሿን ከመኪና ስትወርድ፣ እንደ ሽንኩርት እየተላጠች ደረሰች። ፊቷ ቀልቷል። ግን ፈገግ ትላለች። የሚያጠኑ ሰዎች ፈገግታ አያልቅባቸውም፤ እሱም ወጪው ሳይቻል አይቀርም።

«እንግዳ በፀሐይ ልትቀመጥ ነው?» አለ ዲኤው፣ አዲስ ነገር የደረሰ ይመስል። ከዕድር ትልቁን ሸራ አስመጣ። ዳስ ሊጣል ነው። የምሰሶ ጉድጓድ የሚቆፍርበት መሣሪያ ሲፈልግ ዓይኑ ማሳዬ ላይ አረፈ።

«ይሄ አካፋ ሥራ ፈትቶ ቆሟል» ብሎ ሄዶ ነቀለው።

አየሁት። «የኔ ነው» የሚለው ቃል ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ እስኪደርስ አራት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። አራተኛው ምሰሶ አሸዋ ላይ ስለሆነ ዘመመ። ዲኤው ብልህ ነው፣ አካፋዬን ከሥሩ ወግቶ ደገፈው። ሸራው ደግሞ ሰፊ ሆነ። ትርፉን እንዳይጎተት ብሎ ወደ ኋላ ገለበጠውና ሶላሩ ላይ ዘረጋው፣ ጫፉንም ከሰሌዳዎቹ ብረት ጋር በገመድ አሰረው።

«ከአቧራም ይጠብቀዋል» አለ።

ልብ በሉ። ስለ ፀሐይ ልታጠና የመጣችን ሴት ፀሐይ እንዳይነካት፣ ፀሐይ የምትሠራበትን ዕቃ አለበስነው። ከዚህ በላይ እንግዳ ማክበር አለ የሚል ይምጣ።

የፓምፑ ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ውሃዬ ገና ሁለተኛው ትልም ላይ ነበር።

ሁሉም ዞሮ ፓምፑን አየ። ወደ ላይ ያየ የለም።

«ሲስተሙ ነው» አለ ዲኤው። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ባይጠየቅ መረጠ።

«ድሮም የፀሐይ ነገር» አለ ጋሼ መንግሥቱ፣ ድምፁ እንደማይሰማ ሰው ተቆጥሮ ከዶክተሯ ቀኝ ተቀምጦ። «ናፍጣ ቢሆን በእርግጫ ብለን እናስነሳው ነበር።»

ዶክተሯ ዓይኗ በራ። «ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው» አለችና ጻፈች። ቀኑን ሙሉ እንዳየሁት ለእኛ የከፋ ነገር ሁሉ ለእሷ ጠቃሚ ነው። ፓምፑ ቢሠራ ኖሮ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ትመለስ ነበር።

ከዚያ የስምምነት ወረቀት ተነበበልን። ሦስት ገጽ ነው። «በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳትሰጡ፣ ጥናቱን አቋርጣችሁ የመሄድ መብት አላችሁ» የሚል አለበት። መሄድ ይቻላል ለካ። ግን ለመሄድ «ልሂድ» ማለት ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ማን ይልልኛል? መብቱ ተሰጠኝ፣ አፉ አልተጨመረበትም። ልፈርም እስክሪብቶ ስጠብቅ ዲኤው አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም ውስጥ ከተተው። ስሜን መጻፍ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እችላለሁ። «ይፈጥናል» አለኝ። እውነት ነው፣ ፈጠነ።

ዶክተሯ ድምፅ መቅጃዋን አፌ ሥር አስቀመጠችና «የኔ እህት» አለችኝ፣ «ከናፍጣ ወደ ፀሐይ በተደረገው ሽግግር አንቺ እንደ ሴት ምን ተሰማሽ?»

ሸራውን አየሁት። መቅጃዋ ላይ ቀይ መብራት ይላል ቦግ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል።

«ደህና ነው» አልኩ።

«ተጨማሪ?»

ተጨማሪ የለኝም። ዝም አልኩ። እሷም ወደ ዲኤው ዘንበል ብላ «ዝምታዋ ራሱ መረጃ ነው» አለችውና አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ጋሼ መንግሥቱ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ የጻፈችለት ሁለት መስመር ነው። ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ለማወቅ እጓጓለሁ።

ቀጥሎ ማሾ መጣ። አዎ፣ የሚቀቀለው ማሾ። አንድ ኩባያ ማሾ መሬት ላይ አፈሰሰችና «ይሄ ሥልጣን ነው» አለች። «በውሃው ላይ ማን ስንት ሥልጣን እንዳለው በማሾ አሳዩኝ።» ስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ስንፍና ይዞኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ይሄ ነው። ለዲኤው አንድ ጭብጥ ተደረገለት፣ የደረደረው ራሱ ነው። ለሴቶች አምስት ፍሬ። ለጋሼ ይማም ትልቅ ክምር ተሠራ። እሳቸው ራሳቸው ግን አልተጠሩም፤ ድምፃቸው ይሰማላ። ስለ ፍትህ ስናጠና፣ የሚፈርዱልን ሰውዬ ከታች ከቦዩ መጨረሻ ደለል ያስጠርጋሉ። ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ዶሮ ዳሱ ውስጥ ገባችና የጋሼ ይማምን ሥልጣን በሙሉ ለቅማ በላች። ዶክተሯ ዶሮዋን ፎቶ አነሳቻት። ጠቃሚ ነበረች መሰለኝ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነው። ከተቀመጥኩበት ማሳዬ ይታያል። የሽንኩርቱ ጫፍ እየተጠመዘዘ ነበር። አምስት ሰዓት አለፈ። የምሰሶው ጥላ አጠረ። «ሸራውን ከሶላሩ ላይ አንሡ» ማለት ነው፣ አራት ቃል ብቻ። አራቱን ቃል በልቤ ደጋግሜ አጠናሁት፣ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ። በአፌ ሊወጣ ሲል ዶክተሯ «ስለዚህ ፍትህን እንዴት ትገልጹታላችሁ?» ትላለች፣ ቃሌ ይመለሳል።

ጋሼ መንግሥቱም ማሳዬን ያይ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አይዞሽ የወንድሜ ልጅ» አለኝ በርኅራኄ። «የእኩል ስናደርገው እኔ አላደርቀውም።»

ተነሣሁ። መነሣቴን ያወቅኩት ከቆምኩ በኋላ ነው።

«ወዴት ነሽ የኔ እህት?» አለች ዶክተሯ።

በእጄ ወደ ቁጥቋጦው አመለከትኩ። ሴት ወደ ቁጥቋጦ ስታመለክት ምን እንደሆነ ይገባል፣ ወንዶቹ ሁሉ በጨዋ ደንብ መሬት መሬት አዩ። አፌ የማይችለውን ውሸት እጄ ዋሸልኝ። በሶላሩ ጀርባ ዞርኩና የዲኤውን ቋጠሮ ያዝኩት። ሰውዬው ያን ያህል ቋጠሮ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። በጣቴ ቢያቅተኝ በጥርሴ ፈታሁት፤ አፌ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ። ሸራውን ከሰሌዳዎቹ ላይ ገፍቼ ለቀቅኩት። ሰሌዳዎቹን ብቻ ልገልጥ ነበር ሐሳቤ። ዳሱ ግን ከእሱ ጋር የታሰረ ነው፣ ሦስቱ ምሰሶዎችም ተያይዘው ሄዱ። ሸራው እንዳለ በጥናቱ ላይ ወደቀ፣ በዶክተሯም፣ በዲኤውም፣ በአጎቴም፣ በዶሮዋም።

ከሸራው ሥር የዲኤው ድምፅ «ተረጋጉ፣ ሲስተሙ ነው» ሲል ተሰማ።

ፓምፑ አንዴ አቃሰተ። ውሃው መጣ።

ከሸራው ቀድሞ ብቅ ያለው የጋሼ መንግሥቱ ራስ ነው። ፓምፑን ሰማ፣ የምሰሶውን ጥላ አየ፣ ቦዬን አየ።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ተራዬ ነው» አለ። «የልጅቷ አካፋ ደግሞ የለችም፣ ድሮም አልነበረችም።» አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሄዶ የራሱን አካፋ ተከለ፣ ቦዬን ዘጋ፣ ውሃውን ወደ ማሳው መለሰው። ውሃው በፊቴ አለፈ። አራቱ ቃላት አሁን አይጠቅሙም፣ ሌላ ቃል ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ አላጠናሁም።

ያን ጊዜ ጋሼ ይማም ደረሱ። ውሃቸው የት ሄደ ብለው ቦዩን ተከትለው ወጥተው ኖሯል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ሸራውን አዩ፣ ሶላሩን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ የሚያይ ሰው መጣ።

«አካፋሽ የት አለ?» አሉኝ።

በጣቴ አሳየኋቸው። ዳሱ ሁሉ ወድቆ የቆሙት እሷና የደገፈችው አራተኛው ምሰሶ ብቻ ናቸው።

«ከቦዩ ማን ነቀላት?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ዲኤው፣ ፀጉሩ ውስጥ ማሾ ይዞ። «ለእንግዳ ክብር ብዬ ነው።»

«ልጅቱን ጠይቀሃታል?»

«ዝም አለችኝ። ዝምታ ደግሞ ፈቃድ ነው።»

«የሷ ዝምታ ከእናቷ ሆድ ይዛው የመጣችው ነው፣ ላንተ የፈቀደችው አይደለም» አሉት።

ዶክተሯ ከሸራው ሥር መቅጃዋን በእጇ እየዳበሰች «ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ትንሽ የውሃ ጉዳይ ነው፣ ከጥናቱ ጋር አይገናኝም» አላት ዲኤው። እሷም ሸራውን ገልጣ መቅጃዋን መፈለጓን ቀጠለች።

ጋሼ መንግሥቱ ተቆጣ። «ጋሼ ይማም፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት። አካፋ ከሌለ ተራ የለም ነው። ዛሬ ለሴት ተብሎ ሊቀየር ነው?»

«ወላሂ አልቀይረውም» አሉ ጋሼ ይማም። «ባለቤቱ ያልነቀለው አካፋ እንደቆመ ነው። ይቺም አካፋ ከተተከለች ወዲህ አልተኛችም፤ ይኸው ቆማለች። ውሃውን ያቆመው ሸራ ነው፣ ፀሐይ አይደለችም። ልጅቱ ሦስት ሰዓቷን ካሁን ጀምራ ትቆጥራለች።»

«የኔስ ተራ?»

«ያንተ ነገ ጠዋት ነው። በሠርቶ ማሳያው ተራ ትገባለህ። አካፋ የነቀለ ሰው ውሃውን ይሰጣል።»

ዲኤው አፉን ከፈተ። ቃሉ ዘገየበት። አዘንኩለት ልል ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል።

በዚህ ጊዜ መቅጃዋ ተገኘች። ዶክተሯ እየሮጠች መጣች፣ የሆነ ነገር እንዳመለጣት ገብቷታል። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ አሁን ያሉትን አልቀዳሁትም። እስኪ ይድገሙልኝ?»

«ፍርድ አይደገምም ልጄ» አሏት። «ይግባኝ ካለሽ ግን እሰማሻለሁ።» ይግባኝ አልነበራትም። እሳቸውም ደለላቸውን ሊያስጠርጉ ተመልሰው ወረዱ።

አካፋዬን ከምሰሶው ነቅዬ ሄድኩ፣ የአጎቴን አካፋ በሁለት እጄ አክብሬ አንሥቼ ሰጠሁት፣ ቦዬን ከፈትኩ። ውሃው በመጀመሪያው ትልም ገባ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። መሬቱ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እሱን ቆሜ እየሰማሁ ሳለ ውሃው አራተኛው ትልም ላይ አልሄድ አለኝ። ወደ ኋላ ተመልሶ ያቁር ጀመር። ዞር ብል ዶክተሯ ከኋላዬ መጥታ ትልሙ መካከል ቆማለች፣ በዚያ ትልቅ ቡትስ ጫማዋ። መቅጃዋን ዘርግታልኛለች፣ ቀይ መብራቱ በርቷል።

«የኔ እህት» አለችኝ በለስላሳ ድምፅ፣ «አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ስለ ፍትህ የምትይው ነገር አለሽ?»

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወጣ።

«እግርዎን ያንሱልኝ» አልኳት። «ውሃውን ዘግተውታል።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በጣም ጥልቅ ነው» አለችና ደብተሯን አወጣች፣ ቃል በቃል ጻፈችው፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እግሯን ግን አላነሣችም።

አካፋዬን ያዝኩና በጫማዋ ዙሪያ ሌላ ቦይ ቀደድኩ።